የቀረው ወርና ፈራጆቹ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ዓለም ሰላም ብዙ ተጽፏል። ስለ ሴት ልጅ የወር አበባ ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር አላነበብሁም። ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ባቀረብሁ ጊዜ አንደኛው ርእሱን አይቶ ወደ ጣራው ተመለከተ፤ ሁለተኛው «በግጥም ብታደርጊው አይሻልም?» አለኝ። በግጥም የሚሆን ነገር አይደለም። ስቴንስሉን የሚመታው ወንድሜም ካፈረ ዓይኑን ጨፍኖ ይምታው እንጂ ቃል አይለውጥብኝ። በገዛ አፌ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ በዝምታ ላልፈው አልችልም።

እኔ የግራና ልጅ ነኝ። ግራናን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ የሚገኝ ሞቃታማ አገር ነው፤ የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ነው። የቆቦ ግራና ሸለቆ ሲባል በመስኖው ምክንያት ስሙን የሰማ ይኖራል። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ጀበና ቡና የሚጠጣበት አገር ነው።

ካቻምና ክረምት ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ እቤት ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን ልታነጋግረኝ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ባለ ኒካህ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ልጅ ሳለሁ ውሃ ስንቀዳ ጀሪካኔን የምታሸክመኝ እርሷ ስለ ነበረች እስከ ዛሬ እታለም ነው የምላት። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ እናቴ ከተነሣች በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ።

ነገሩ ይህ ነው። እታለም የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ትውጣለች። አማቷ እንዳታይባት እሽጉን የምታኖረው በዱቄት ዕቃው ሥር ነው። ነጮቹን 21 ፍሬ ጨርሳ ቡናማዎቹ 7ቱ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ደም ሊመጣ ይገባ ነበር፤ አልመጣም። ቡናማዎቹ አለቁ፤ አዲስ እሽግ ጀመረች፤ አሁንም የለም። «አርግዤ ይሆን? ካረገዝሁስ ኪኒኑ ልጁን አይጎዳውም?» አለችኝ።

መልሱን አላውቀውም ነበር። ያልተማረ ሰው ቢሆን «አላውቅም፤ ሐኪም ጠይቂ» ይል ነበር። እኔ ግን የተማርሽ ነሽ ተብያለሁና አላውቅም ማለት ከበደኝ። «አርግዘሽ ይሆናል፤ ለልጁ ሲባል ኪኒኑን አቁሚው» አልኋት። ድምፄ የሐኪም ድምፅ ነበር።

አቆመች። ምርመራ አላደረገችም፤ እኔም ተመርመሪ አላልኋትም። ሰባት ሳምንት ያህል ቆይታ ማስመለስ ሲጀምራት ወደ መርሳ ሄዳ ታየች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዳሩ ግን ባለሙያዋ በአልትራሳውንድ ለክታ ቀኑን ስታሰላው ጽንሱ የተጀመረው ወሩ በቀረበት ጊዜ አልነበረም፤ ኪኒኑን ካቆመች ሁለት ሳምንት ግድም ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ እኔ ዘንድ በመጣች ጊዜ አላረገዘችም ነበር ማለት ነው። ያስረገዛት የእኔ ምክር ነው።

ከዚያ በኋላ የተፈጸመውን ፍርድ ልንገራችሁ። አማቷ ነገሩን ሰምታ «ለምን ዋጥሽ?» ብላ ፈረደችባት። ባሏ ደግሞ ኪኒኑን የሚያውቅ ስለ ነበር «ብትውጪ ኖሮ አይደርስም ነበር፤ ለምን ሳትውጪ ቀረሽ?» ብሎ ፈረደባት። አንዲት ሴት በአንድ ኪኒን ስለ መዋጧም ስለ አለመዋጧም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈረደባት። የሽንኩርት ንግድ ልትጀምር ገንዘብ ቆጥባ ነበር፤ ንግዱ ቀረ። ልጁ ዛሬ ቆሞ ይሄዳል፤ ደስ የሚል ልጅ ነው። እርሷም «አላህ የሰጠው ነው» ትላለች እንጂ አልወቀሰችኝም። ሳትወቅሰኝ መቅረቷ ግን ነገሩን አላቀለለልኝም።

ከዚያ ወዲህ ያጠፋሁት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የጤና ተማሪዎችን መጻሕፍት ለመንሁ፤ አዋላጆችን ጠየቅሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ፣ ኪኒን የምትውጥ ሴት በየወሩ የምታየው ደም የተፈጥሮ ወር አበባ አይደለም። ኪኒኑ በውስጡ ያሉት ሁለት ሆርሞኖች እንቁላል እንዳትለቀቅ ያደርጋሉ፤ የማሕፀን በር ፈሳሽንም ያወፍራሉ። ነጮቹ አልቀው ቡናማዎቹ ሲጀመሩ ሆርሞኑ ይቋረጣል፤ ቡናማዎቹ ብረት እንጂ ሆርሞን የለባቸውምና። ሆርሞኑ ሲቋረጥ የማሕፀን ሽፋን ይፈርሳል፤ የሚመጣው ደም ይኸው ነው። እንዲህ ተደርጎ መሠራቱም በአጋጣሚ አይደለም። ኪኒኑን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደከሙበት ግሪጎሪ ፒንከስና ጆን ሮክ የተባሉ አሜሪካውያን በየወሩ ጥቂት ቀን እንዲቋረጥ ያደረጉት ሴቶቹ የለመዱትን ደም አይተው እንዲረጋጉ፣ ነገሩም የተፈጥሮን መልክ እንዲይዝ ነው። (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤኖቪድ የተባለውን የመጀመሪያውን ኪኒን ለእርግዝና መከላከያነት እንደሚፈቅድ ያስታወቀው ግንቦት 1 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ ልደታ ተብሎ ንፍሮ የሚቀቀልበት ዕለት መሆኑ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ሳልናገረው ማለፍ አልቻልሁም።)

ኪኒን ለወራት የዋጠች ሴት የማሕፀን ሽፋኗ እየሳሳ ስለሚሄድ አንዳንድ ወር የሚፈርስ ነገር ላይኖር ይችላል። እንግዲያስ ኪኒኗን ሳታጓድል የዋጠች ሴት ደም ቢቀርባት አብዛኛውን ጊዜ እርግዝና አይደለም። በዚያው ልክ ደግሞ በእርግዝና መጀመሪያ ጥቂት ደም የምታይ ሴት ስላለች ደም መምጣቱም ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም። የቀረውም ወር የመጣውም ወር ፍጹም ምስክር አይደለም ማለት ነው። እኛ ግን በዚህ ምስክር ብቻ ስንፈርድ ኖረናል።

ታዲያ ኪኒን እየተዋጠ እርግዝና አይደርስም ወይ? ይደርሳል። በትክክል ከተዋጠ በዓመት ከ1,000 ሴቶች 3 ያህሉ ያረግዛሉ። በተራው ሰው አኗኗር፣ እየተረሳም እየዘገየም ሲዋጥ ግን ከ1,000 ሴቶች 70 ያህሉ ያረግዛሉ። ይህ የዓለም የጤና ድርጅት የሚሰጠው ቁጥር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከ3 እስከ 70 ያለውን ርቀት እይልኝ። ኪኒኑ አንድ ዓይነት ነው፤ የሴቶቹም አካል አንድ ዓይነት ነው። በመካከሉ ያለው ኑሮ ነው። «ረስታ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እስቲ ለምን እንደምትረሳ እንጠይቅ።

እታለም ኪኒኗን በዱቄት ዕቃ ሥር ትደብቃለች ብያለሁ። እንግዳ መጥቶ ጓዳው በሰው ሲሞላ፣ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን፣ አማቷ ዱቄት ልትሰፍር ስትገባ፣ ያን ዕለት ኪኒኑ አይወጣም። የሚደበቅ መድኃኒት በሰዓቱ አይዋጥም። እኛስ በመኝታ ቤታችን? ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል ተኝተን ከሻንጣ ሥር፣ ከካልሲ ውስጥ ኪኒን የምታወጣው ሁሉ ሲተኛ አይደለምን? መብራቱ ሳይጠፋ እንቅልፍ ከጣላት ያ ቀን አለፈ። ረሳች እንላታለን፤ ያስረሳናት ግን እኛ ነን።

የጾም ነገርም አለ። ጠዋት ከቁርስ ጋር መዋጥ የለመደች ሴት ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ይዛባባታል፤ ወደ ስሑር ወይም ወደ ኢፍጣር ማዛወር እንደሚቻል የሚነግራት ከሌለ ዘልላ ታልፈዋለች። ወር አበባም በእኛ አገር የሴቲቱ ብቻ ምስጢር አይደለም። ደም ያየች ሙስሊም ሴት አትጾምም፤ ክርስቲያኗም ልማደ አንስት ሲደርስባት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከደጀ ሰላም ሆና ታስቀድሳለች። ስለዚህ ሠላሳውን ቀን ሙሉ የጾመችውን፣ ወይም በተከታታይ ሰንበት ቅዳሴ የገባችውን ጎረቤት ሁሉ ይቆጥርላታል። ፈራጆቹ ከሴቲቱ ቀድመው ቀኑን ያውቁታል።

ስለ አቆጣጠርም ማንም ሲናገረው ያልሰማሁት ነገር አለ። የኪኒኑ ወር 28 ቀን ነው፤ የእኛ ወር 30 ቀን ነው። እናቴና የዕድሜ እኩዮቿ ቀናቸውን የሚይዙት ከማርያም እስከ ማርያም፣ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል እያሉ ነው። አንዲት ሴት በዚህ ልማድ አዲሱን እሽግ በየወሩ በ21 ቀን ልጀምር ብትል በየወሩ ሁለት ቀን ሳትውጥ ታልፋለች። ቡናማዎቹን ሰባት ቀን ቆጥረን ሁለቱን ስንጨምርበት ሰውነቷ ለዘጠኝ ቀን ያለ ሆርሞን ይቆያል፤ እንቁላል የሚለቀቅበት አደገኛው ክፍተትም ይህ ነው። ጳጉሜን በመካከል ከገባችማ ክፍተቱ የባሰ ይሰፋል። ኪኒን ስትሰጡ «በየወሩ» አትበሉ፤ «አንዱ እሽግ ባለቀ ማግስት ሌላው ይጀመራል» በሉ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለእታለም የነገራት ሰው አልነበረም።

ኪኒኑ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩ ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋል። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ባልተገኘበት ወቅት የእርግዝና መከላከያ ከየት ይመጣል? በእነዚያ ወራት ወሯ ቀርቶ የተጨነቀችው ሴት አንዱን ከሌላው መለየት አትችልም ነበር፤ ኪኒኑ ስላለቀ ነው? ረኃብና ድንጋጤ ነው? ሰውነት ሲከሳና ልብ ሲጨነቅ ወር አበባ ይቀራልና። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይኸው ችግር ይመለሳል። እንዲህ ባለው ዘመን «ለምን አልዋጥሽም?» ብሎ የሚጠይቅ ባል አስቀድሞ «አለቀብሽ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭበትንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከመካከላችን ይህ የሚመለከታቸው አሉና። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የኪኒኑን ኃይል ይቀንሱታል። የነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ኪኒኗን በሰዓቱ የዋጠች ሴት ያለ ጥፋቷ ልታረግዝ ትችላለች። ለእንዲህ ያለችው ሴት መርፌው ይሻላታል፤ ነገር ግን ሐኪሙ ካልጠየቃት፣ እርሷም ኪኒን እውጣለሁ ብላ ለመናገር ከፈራች፣ ማን ይነግራታል? እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት የተለመዱት አንቲባዮቲኮች ግን ኪኒኑን አይጎዱም፤ ብዙ ሰው ይጎዳሉ ብሎ በከንቱ ይሰጋል። ኪኒኑን ዋጥ አድርጋ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያስመለሳት ሴት ሌላ ፍሬ ትዋጥ።

አሁን እኔ ለእታለም ልላት ይገባኝ ወደ ነበረው ልመለስ። «ኪኒኑን አታቁሚ» ልላት ይገባኝ ነበር። እስከ ዛሬ በታወቀው ሁሉ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ኪኒን ብትውጥ ጽንሱን አይጎዳውም። ሳታረግዝ ብታቆም ግን የእታለም ነገር ይደርሳል። «ተመርመሪ» ልላት ይገባኝ ነበር። የሽንት መመርመሪያዋ ወረቀት በመድኃኒት ቤት በጥቂት ብር ትሸጣለች፤ መልሱ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። ወሩ ይመጣል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ይሠራል፤ በኪኒን ምክንያት ቀኑ የተምታታባት ሴት ደግሞ ካሰጋት ግንኙነት ሦስት ሳምንት ቆጥራ ብትመረመር መልሱ የሚታመን ይሆናል። የለም ካለና ጥርጣሬው ካልለቀቃት በሳምንቱ ትድገመው። አለ ካለ ኪኒኑን ያን ጊዜ ታቁም፤ ወደ ጤና ተቋምም ትሂድ። በአንድ ወገን በኩል ከእምብርት በታች ከባድ ሕመም ከተሰማት፣ ከዞረባት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ቀን አትቁጠር፤ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ያኑኑ ሆስፒታል ትድረስ። ይህ ሞት ያለበት ነው።

የተዘለለውንስ? አንድ ወይም ሁለት ነጭ ፍሬ የረሳች ሴት ባስታወሰች ጊዜ ትዋጥና እንደ ወትሮዋ ትቀጥል፤ ያን ያህል አያሰጋም። ሦስትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የዘለለች ግን አንዱን ወዲያው ውጣ እየቀጠለች ለሰባት ቀን ኮንዶም ትጠቀም። መዝለሉ በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ነጮቹን ጨርሳ ቡናማዎቹን ትጣልና ወደ አዲሱ እሽግ ትለፍ። ባለፉት አምስት ቀናት ግንኙነት አድርጋ እንደ ሆነ ድንገተኛ መከላከያው አለላት፤ ቶሎ በተዋጠ መጠን ይሻላል። ቡናማውን የዘለለች ሴት ምንም አልሆነች፤ ጥላው ትሂድ።

«ይህ ሁሉ ለምን ለተማሪ ይነገራል? ብልግናን ማስፋፋት አይደለምን?» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ጽሑፉ ሳይታተም ቀድሞ የነገረኝም አለ። ለዚህ ወንድሜ መልሴ አጭር ነው። እታለም ባለ ኒካህ ናት። ያሳሳታት ብልግና ሳይሆን የእኔ አለማወቅ ነው። አለማወቃችንን በጨዋነት ስም ልናከብረው አይገባም። በእርግጥ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር፤ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው እንዲህ ባለው ሕግ ሥር ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ይህ ዓይነቱ ገደብ እንዲነሣ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ሕጉ ከተለወጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አንደበታችን ግን አሁንም በ1949ኙ ሕግ ይገዛል።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ካገቡት ሴቶች 35 ከመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 23ቱ መርፌ፣ 8ቱ በክንድ የሚቀበረውን፣ 2ቱ ብቻ ኪኒን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ መርፌውን እስከ ቀበሌ አድርሶታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መርፌው ይህን ያህል የተመረጠበት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ አይታይም። በዱቄት ሥር የሚደበቅ ነገር የለውም፤ ሦስት ወር ማንም አያውቅም። ሴቶቹ መድኃኒት የመረጡት በበሽታ ሳይሆን በአማት ነው ብል እምብዛም አላጋነንሁም።

ወደ ግቢያችን ልግባ። እዚህ ወር የቀረባት ልጅ ምን ይገጥማታል? ጓደኛዋ ቢሆን ባይሆን የመጀመሪያ ቃሉ «ትውጪ አልነበረም እንዴ?» ነው። ይህ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው፤ ነገሩ የእርሷ እንጂ የእርሱ አይደለም ማለቱ ነው። ከዚያ ስልኩ አይነሣም። ልጅቷ ብቻዋን ቀን ትቆጥራለች፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ጣቶቿን ትቆጥራለች። ለፈተና የተዘጋጀችው ጠፍቶባታል። መድኃኒት ቤት ገብታ መመርመሪያ ስትጠይቅ ሻጩ ቀና ብሎ ጣቷን ያያል፤ ቀለበት አለ ወይስ የለም። ክሊኒክ ብትሄድ ካርድ ሲወጣ ስምና ጉዳይ በአዳራሹ መካከል ይጠራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወር ሁለት ወር በግምት እንቆያለን። ቀኑም በዚያ ይሄዳል። በሐዘንና በፍርሃት ሆና ጎረቤት የነገራትን ሥራ ሥር የምትሞክር አለች። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣበትን ሁኔታ፣ መደፈርን፣ የእናቲቱን የጤና አደጋ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰችውን፣ ዘርዝሮ እንዳስቀመጠና ጤና ተቋም ሄዶ መጠየቅ እንደሚቻል የምታውቀው ስንቷ ናት?

ለተማሪዎች ማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። ለኳስ ጨዋታ ማልያ የሚገዛ ማኅበር በክሊኒኩ ውስጥ የመመርመሪያ ወረቀት እንዳይጠፋ ማድረግ ይችላል። ሣጥን ይቀመጥ፤ የፈለገች ስሟን ሳትናገር ወስዳ ትሂድ። ከጤና ትምህርት ክፍል ሴት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ጥያቄ ይቀበሉ። ያላወቁትን አላውቅም ማለትንም አስቀድመው ይማሩ፤ እኔ ይህን ባለመማሬ ያጠፋሁትን አንብባችኋል። ወንዶች ወንድሞቻችንም ከአዳራሹ ውጭ አይቁሙ። መመርመሪያዋን ሄዳችሁ እናንተ ግዙ። ሻጩ የእናንተን ጣት አያይም።

ባለፈው ጥር ወደ ግራና ሄጄ ነበር። እታለም አሁን መርፌ ትወጋለች፤ ሁለተኛዋ ነው። ልጁን አዝላ ቡና ስትቆላ ድንገት ቀና ብላ «አሁንም ቀርቶብኛል፤ ዛሬስ ምን ትይኛለሽ?» አለችኝ፤ አላግጣብኝ እንደ ሆነ ዓይኗን አይቼ ወዲያው አልለየሁም። በመርፌ ወር መቅረቱ የተለመደ መሆኑን፣ ዓመት ሲሞላ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ጨርሶ ደም እንደማያዩ ነገርኋት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። በዚህኛው እርግጠኛ ነበርሁ፤ ቢሆንም ከቦርሳዬ አንዲት መመርመሪያ ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋትና እንዴት እንደምትሠራ አሳየኋት። አገላብጣ አየቻትና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የዱቄቱ ዕቃ ሲከደን ሰማሁ።

ከአንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ